የጎማ ጥርስ ዕድሜ አይናገርም

ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ለሃይሉክስ ኦል ቴሬን ጎማ ልገዛ ነው፤ ቢኤፍጉድሪች ይሻላል ወይስ ዮኮሃማ?» «ቲቸር፣ ኤርታሌ ልንሄድ ነው፤ መድ ቴሬን ያስፈልገናል እንዴ?» ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ቦሌና ገርጂ ባሉ አስጎብኚ ድርጅቶች ሹፌር ሆነዋል። አንዳንዶቹ ተበድረውም ይሁን ቤተሰብ አግዟቸው ኮብራ ወይም ሃርድቶፕ ገዝተው ያከራያሉ። የቀሩት ደግሞ ቅዳሜ ሲመጣ ከተማ ውስጥ መቀመጥ የማይሆንላቸው ናቸው። እኔ የያዝኩት ዲፕሎማ የፊዚክስ እንጂ የጎማ አይደለም። ግን ጎማ ማለት ግፊት፣ ሙቀት፣ ክብደትና ሰበቃ ነው። ይሄን ደግሞ አስተምሬአችኋለሁ፣ ከኋላ ወንበር ትተኙ የነበራችሁትን ጨምሮ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። የብራንድ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነው። ጎማው መቼ ተሠራ? ስንት ኪሎ ይሸከማል? የት ነው የሚሄደው? ማነው የሚነዳው? በተለይ ይሄኛው። የኛ ሀገር የጎማ ችግር ገዢውና ነጂው ሁለት ሰው መሆናቸው ላይ ነው። ጎማው የሚመረጠው ቦሌ ነው፤ የሚፈተነው ሚሌ ላይ ነው። ሲመረጥ ሚሌ የሚሄደው ሰው አይጠየቅም።

ከዕድሜው እንጀምር።

ገበሬ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው እዚያ ነው ያለው። እኛም ጎማ ስንገዛ ይሄንኑ እናደርጋለን። ጣታችንን ጥርሱ መሃል ከተን «ኧረ ገና ነው፣ ጥርስ አለው እኮ» እንላለን። በሬ ላይ የሚሠራው ዘዴ ጎማ ላይ አይሠራም። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ኦክስጅን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባና ጎማው ይደርቃል፤ ውስጥ ያሉትን የብረት ሽቦ ንጣፎች አንዱን ከሌላው ያጣበቀው ክፍል እየደከመ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጥርሱ እንዳለ ነው። ላዩን ጥቁር ቅባት ከቀቡትማ አዲስ ነው የሚመስለው። ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፈጥነዋል። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ፣ ወይም ከመኪናው ሥር ተቀያሪ ተብሎ ተንጠልጥሎ የኖረ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜው የሚነበበው ጎኑ ላይ ነው። ዲኦቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ አንድ ረጅም ኮድ አለ፤ የሚያስፈልጋችሁ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ናቸው። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና አትደራደሩ፤ እሱ ጎማ ሳይሆን በረባሶ ነው። ኮዱ ሙሉውን አንደኛው ጎን ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከውጭ ካጣችሁት በስልካችሁ መብራት ከውስጥ በኩል ፈልጉት። ሻጩ «ምን ትፈልጋለህ እዚያ ሥር?» ካለ ጥሩ ምልክት አይደለም።

እዚህ ላይ የኛ ሀገር ብቻ የሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ሻጩ «የ2016 ጎማ ነው» ይላል። ኮዱን ስታዩት እውነትም 16 ይላል። አልዋሸም። ግን 16ቱ የፈረንጅ ነው፤ በኛ 2008 መሆኑ ነው። ዛሬ በ2018 ያንን የሚሰማ ሰው የሁለት ዓመት ጎማ የገዛ ይመስለዋል፤ ይዞ የሚሄደው የአሥር ዓመት ጎማ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ያደርገናል እያልን ስንቀልድ ጎማውንም ወጣት አድርጎት አረፈው።

ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። እነ ሚሸሊንና ኮንቲኔንታል ደግሞ ምንም ቢሆን ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። ለአፋርና ለደቡብ ኦሞ ሙቀት ግን የኔ ወሰን ስድስቱ ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ተውት።

ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። በኦገስት 2000 አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ መልሶ ሰበሰበ። አብዛኛው የተገጠመው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር፤ ከተሰበሰቡት ሞዴሎች አንዱ ስሙ «ዊልደርነስ ኤቲ» ነው። አዎ፣ ኤቲ፤ ኦል ቴሬን። ጎማው በፍጥነት እየሄደ ጥርሱ ያለበት ንጣፍ ከሥሩ እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አደጋው የበዛው እንደ ቴክሳስ፣ አሪዞናና ፍሎሪዳ ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነው። በጎማው አሠራር ላይ ችግር ነበረ፤ በንፋሱም ላይ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ፎርድ ለደንበኞቹ የመከረው 26 ፒኤስአይ ነበር፤ ፋየርስቶን ደግሞ 30 መሆን ነበረበት ይል ነበር። ሙቀት፣ ጭነት፣ ፍጥነት፣ ያነሰ ንፋስ። እነዚህን አራቱን ይዛችሁ ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደውን መንገድ አስቡት።

እስኪ መንገዱን እንየው። ወደ ዳናኪል የሚሄድ ቱሪስት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሰመራ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። አዳማ ድረስ የፍጥነት መንገድ፣ ከዚያ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት ጎዳና። ኤርታሌ አጠገብ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ይወራለታል፤ እውነትም የጎማ ጎን ይቆርጣል። ግን እዚያ የምትሄዱት በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳትፈጥኑ ነው። ድንጋዩ ጎማ ቢቀድ ወርዳችሁ ትቀይራላችሁ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ፣ ተሳድባችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ትቀጥላላችሁ። ሰው የሚሞተው አስፋልቱ ላይ ነው፤ በቀትር፣ መኪናው ጣራው ድረስ ተጭኖ፣ በሰዓት 100 እየሄደ የኋላ ጎማ ሲፈነዳ። «ለዳናኪል የሚሆን ጎማ» ስትሉኝ መጀመሪያ የማስበው ድንጋዩን ሳይሆን እነዚያን 600 ኪሎ ሜትሮች ነው።

ስለዚህ መድ ቴሬን ለብዙዎቻችሁ አያስፈልግም። ትልልቅ ጥርሱ ሃያ ሁለት ላይ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ ያምራል፤ አልክድም። ግን በጥርሶቹ መሃል ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። በሐምሌ ዝናብ ቦሌ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዙ የምታውቁት ያኔ ነው። ይጮሃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። መንገዳችሁ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ ከሆነ ደግሞ ኦል ቴሬኑም ትርፍ ነው፤ ደህና የአስፋልት ጎማ ግዙና በቀረው ልጆቻችሁን አሳ አብሉ።

ኦል ቴሬን ቦታው መሃል ላይ ነው፤ ብዙ አስፋልት፣ ብዙ ኮረኮንች፣ ትንሽ አሸዋ፣ ትንሽ ጭቃ። የኢትዮጵያ ጉዞ ደግሞ ይሄው ነው። ባሌን ውሰዱ። ጎባ ድረስ አስፋልት ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ሳነቴ ላይ ጠጠር፣ ቁልቁል ሀረና ጫካ ስትገቡ እርጥብ ቀይ አፈር። በአንድ ቀን ሦስቱንም ትነዳላችሁ። እዚያ ላይ መሃለኛው ጎማ ነው የሚያዋጣው።

«ጥቁር አፈሩስ?» ትሉኛላችሁ። መረሬን ለማየት ማጎ ፓርክ ወይም ጋምቤላ መሄድ አያስፈልግም። ሰሚት፣ ጎሮ ወይም አያት ቤት የሠራ ሰው መሠረቱን ሲያስቆፍር ተዋውቆታል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲመጣ እንደ ሊጥ ይሆናል። ዝናብ ጠግቦ ሳለ ኦል ቴሬን ጎማ አሥር ሜትር ሳይሄድ ጥርሱ ይሞላና እንደ ሙዝ ልጣጭ ይንሸራተታል። መድ ቴሬን የተሻለ ይሄዳል፤ እሱም ግን ይሞላል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ሥራ ያለው ሰው መድ ቴሬን ቢገዛ አልቃወምም፣ ሥራው ነው። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ግን የመረሬ መድኃኒቱ ጎማ ሳይሆን ሰዓት ነው። ዝናቡ እስኪያባራ፣ ፀሐይ መሬቱን እስኪይዘው ቡና አስፈልታችሁ ጠብቁ። የአካባቢው ሹፌሮች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ፎቶ ላይ ስለማይወጣ አታዩትም።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ጎማ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ኮከብ ታያላችሁ። ሻጩ «ይሄ ለተራራ ነው፣ ስሜን ይወጣል» ሊላችሁ ይችላል። ምልክቱ ጎማው በበረዶ ላይ ለሚነዳበት ሀገር ተፈትኗል ማለት ነው። ራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢጥልም በመኪና አትወጡትም። ለምልክቱ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

አሁን መጠኑ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ኃይለኛ እሆናለሁ፤ ከተማው ውስጥ የማየው ነገር ስለሚያናድደኝ። ሃይሉክስ ከፋብሪካ ይዞት ከሚመጣው መጠን አንዱ 265/65 አር 17 ነው። ቁመቱን አስሉት፣ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ልጁ መኪናውን ከፍ አስደርጎ 285/70 አር 17 ይገጥምለታል፤ 831 ሚሊ ሜትር። 7 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። የፍጥነት መለኪያው ግን ይሄን አያውቅም። ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ 120 እያነበባችሁ ስትሄዱ እውነተኛው ፍጥነት 128 ነው። መሬት ላይ የሚደርሰው የጎማው ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ይችለዋል። የሃርድቶፑ 4.2 ሊትር ተርቦ አልባ ናፍጣ ሞተር ግን እንኳን ትልቅ ጎማ ጨምራችሁበት እንዲሁም ጣርማ በር ዳገት ላይ ያለቅሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ቱርሚ ላይ ሁለት ጎማ ቢቀደድባችሁ 285/70 አር 17 ማን ያውሳችኋል? ማንም። 265/65 አር 17 ወይም የሃርድቶፕ 7.50 አር 16 ከሆነ ግን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መኪና አለ፣ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና አለ፣ የጎሚስታው ደጃፍ ላይ የተጣለ አለ። በሩቅ ሀገር ምርጡ ጎማ ጎረቤት ያለው ጎማ ነው። ያ ቀጭኑና ከመነዳሪ ያለው 7.50 አር 16 በቦሌ ልጆች ይናቃል፤ አትናቁት። ከመነዳሪ ማለት በክሪክ አንስቶ፣ ቸርኬውን ፈልቅቆ፣ በማስቲሽና በቁራጭ ጎማ ለጥፎ የሚመልሰው ሰው የትም አለ ማለት ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ከመነዳሪ የሚሉት ቃላት ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ሙያውም አብሮ ስለቀረ ደግ ነው። እንደ ፕራዶና ኮብራ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዱት ላይ ደግሞ ቁመታቸው የተለያየ ጎማ አትቀላቅሉ፤ መሃል ያለውን ዲፈረንሻል ይበላዋል።

ጭነቱ ላይ ካልኩሌተር አውጡ። ሹፌርና አራት እንግዳ፣ 350 ኪሎ እንበል። ስድስት ጀሪካን ውኃ 120። ሦስት ጀሪካን ናፍጣ 50። ሁለት ተቀያሪ ጎማ ከነቸርኬው 70። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምግብ፣ ማብሰያ 100። ሻንጣ 80። የጣራው ብረት 50። ከ800 ኪሎ አለፈ፣ ምግብ አብሳዩን ሳትቆጥሩ። አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ሁለቱ ጎማ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር የመሸከም አቅሙ ናት። 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ጎማ። ልኩ ገጥሞ ይቺ ቁጥር ያነሰች ጎማ ርካሽ ሆና ስታገኙ ለምን እንደረከሰች አሁን ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሌላውን ብትረሱ ይሄን ያዙ። ኤልቲ የሚባለው የጭነት ዓይነት ኦል ቴሬን፣ 121 የሚለው፣ ያንን 1,450 ኪሎ የሚሸከመው 80 ፒኤስአይ ሲሞላ ነው። የፋብሪካውን ጎማ አውልቃችሁ እሱን ከገጠማችሁ በኋላ እንደ ድሮው 32 ብትሞሉት፣ ጠንካራ ጎማ ገዝታችሁ ከበፊቱ ያነሰ የሚሸከም መኪና ነው የምትነዱት። ጎኑ ያብጣል፣ ይታጠፋል፣ ይግላል። ባዶውን ከተማ ውስጥ ሲሄድ ግድ የለም። ሙሉ ጭነት ላይ ግን የኋላዎቹ 45፣ 50 አካባቢ ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛውን ቁጥር የጎማው አምራች ሰንጠረዥ ይነግራችኋል። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲላችሁ «እንደ ሌላው» አትበሉ።

«ቲቸር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዳናኪል ስንወርድ ንፋሱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ፈተና ላይ ቢመጣልኝ የምለው ዓይነት ጥያቄ ነው ያመጣው። ሁለቱም ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው ወደ ዳሎል ስትወርዱ 15 ይጠጋል። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ጠዋት ቦሌ ላይ 45 የሞላችሁት መውረዱ ብቻውን ወደ 41 ያወርደዋል። ግን በ12 ዲግሪ የሞላችሁት አየር 42 ዲግሪ ገብቷል፤ እሱ ደግሞ ወደ 6 ይጨምራል። ሁለቱ ተጣፍተው 47 አካባቢ ታነባላችሁ። ማግስቱን ጎህ ሲቀድ፣ ቀዝቀዝ ሲል፣ 44። ከፍታውና ሙቀቱ በአጋጣሚ ይካካሳሉ፤ ተፈጥሮ ለኢትዮጵያ ሹፌር አዘነችለት።

እሷ ብታዝንለትም እሱ ራሱ ያበላሸዋል። አዋሽ ለምሳ ሲቆም ጎማውን ይነካል፣ ይግላል፤ ይለካል፣ 52 ይላል። «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ወደ 45 ያስተነፍሰዋል። ተው! ያ ጭማሪ ከመንዳት የመጣ ሙቀት ነው፤ የሚጠበቅ ነው። የጋለውን ጎማ ካስተነፈሳችሁት የምትሄዱት ባነሰ ንፋስ ነው፣ ያነሰ ንፋስ ደግሞ የባሰ ይግላል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ፀሐይ ሳታገኘው ነው። ለአሸዋ ማስተንፈስ ሌላ ነገር ነው። 20 አካባቢ አውርዳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አልፋችሁ፣ አስፋልት ሳትነኩ መልሳችሁ ትሞላላችሁ። መሙያ ኮምፕሬሰር ሳትይዙ ግን አታስተንፍሱ።

«ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ተደርጎ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያለን መኪና እያረጀ ነው፣ ጎማው ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። የኔ የወር ደሞዝ አንድ ደህና ኤልቲ ጎማ አይገዛም። ስለዚህ ያገለገለ ጎማ አትግዙ ብዬ ከላይ ሆኜ አልሰብክም። የምለው፣ ብሩ ካነሰ ከስሙ ቀንሱ እንጂ ከዕድሜውና ከመሸከም አቅሙ አትቀንሱ። ስሙ ያልታወቀ፣ ባለፈው ዓመት የተሠራ፣ 112 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጎማ፣ ጎኑ ላይ ትልልቅ ነጭ ፊደል ከተጻፈበት የ2014 ዝነኛ ጎማ ይሻላል። ሁለት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ፤ ጭነቱ እዚያ ነው፣ የኋላ ጎማ ሲከዳ መኪናውን መመለስ ከባድ ነው። ላጭ ጎማ ላይ በጋለ ምላጭ አዲስ ጥርስ ቆርጠው የሚሸጡትን ግን አልፋችሁ ሂዱ። እሱ ብር መቆጠብ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ፤ ገዢውና ነጂው።

የማውቃቸው ልጆች የሚነግሩኝ ታሪክ ይመሳሰላል። ባለመኪናው ጎማ ይገዛል። ሹፌሩ ኮዱን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ቆይቷል፣ ለአፋር አይሆንም» ይላል። «ጥርስ አለው እኮ! አንተ ደግሞ አመል አታውጣ» ይባላል። ልጁ ሥራውን ይፈልጋል። ቤተሰብ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው፣ በቦታው የሚሠራ ሌላ ሹፌር ደግሞ ሞልቷል። ዝም ብሎ ይነሳል። ጎማው የፈነዳ ዕለት ባለመኪናው ቤቱ ነው። መሪውን የያዘው ልጁ ነው፣ ፖሊስ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው፣ «ፍጥነት ነድቶ ነው» የሚባለውም እሱ ነው። ጎማውን ማን እንደመረጠው የሚጠይቅ የለም።

ባለመኪና የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄን እንደ ስድብ አትዩብኝ። ብሩን የምታወጡት እናንተ ናችሁ፣ ትልቁ ዕዳ የናንተ ነው። ግን ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ ሹፌሩን ይዛችሁት ሂዱ። ኮዱን እሱ ያንብብ። አምስቱንም ጎማ፣ ተቀያሪውን ጨምሮ፣ ዕድሜያቸውን መኪናው ውስጥ ባለ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ጠዋት የተለካውን ንፋስም እዚያው። ወደ ዳናኪል ከሆነ ሁለት ተቀያሪ ይኑር። የንፋስ መለኪያው የሹፌሩ ይሁን፤ ከጎማ ጋር ሲወዳደር የሻይ ብር ነው። «ይሄ አይሄድም» ሲል ደግሞ የአንድ ጉዞ ገቢ ቢቀርባችሁም ስሙት። እሱ ነው ላዩ ላይ የሚቀመጠው።

ሹፌሮች፣ እናንተም በቃል ብቻ አትናገሩ። የኮዱን ፎቶ አንሱና ለባለመኪናው በቴሌግራም ላኩለት፣ ቀኑ ተጽፎ። ያኔ ነገሩ አመል መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል።

መኪና የሌላችሁ፣ በሰንበት የጉዞ ቡድን ከመገናኛ ተሳፍራችሁ ወደ ባሌ ወይም አርባ ምንጭ የምትሄዱ ተከታታዮቼ ደግሞ፣ «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ይመለከታችኋል። ሻንጣችሁ እየተጫነ ሳለ ጎንበስ ብላችሁ አራቱን አኃዝ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 18 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ አስተባባሪውን በትሕትና ጠይቁት። ከፍላችሁ ነው የምትሄዱት፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሦስት ሰው ከጠየቀ የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ጎማው ተቀይሮ ታገኙታላችሁ።

ኮዱን ማንበብ ያስቸገራችሁ የጎማውን ጎን ፎቶ አንስታችሁ በኢንቦክስ ላኩልኝ። ከነመጠኑና ከነመሸከሚያ ቁጥሩ በደንብ እንዲታይ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰው እንደምትጭኑም ጻፉልኝ። በሥራ ቀን ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ የምመልሰው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።